አፍልተን ያጠጣናት ውሃ

አባቴ ጉድጓዱን የቆፈረው ቧንቧችን ከወር በላይ ጭጭ ባለበት በጋ ነው። ቤታችን ከቁስቋም ማርያም በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ስለሆነ ውሃው በፈረቃ ሲለቀቅ እንኳ ዳገቱን ወጥቶ እኛ ጋ አይደርስም ነበር። የታች ሰፈር ሰዎች በየሳምንቱ ሲቀዱ እኛ ቧንቧው ሲያፏጭ እንሰማለን፤ በቃ፣ ነፋስ ብቻ። አባቴ ዕድሜውን በግንበኝነት የፈጀ ሰው ነው። ጉልበቱን አሞት ሥራ ካቆመ በኋላ እጁ ማረፍ አቅቶት ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ጓሮ ወጣና መሬቱን በዶማ መታ መታ አደረገው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ እያሸ፣ እዚህ ጋ ውሃ አለ አለኝ። አላመንኩትም። ሁለት የቀን ሠራተኞች ይዞ ገባበት፤ በሦስተኛው ሳምንት ከሦስት ሰው ቁመት በላይ ሲወርዱ አፈሩ መርጠብ ጀመረ። ግድግዳውን ራሱ በድንጋይ ለበጠው። ያመመውን ጉልበቱን በሻሽ አስሮ በገመድ ይወርድ ነበር።

የመጀመሪያውን ባልዲ ሲያወጡ የንስሐ አባታችን መጥተው ጸሎት አደረሱበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢያችን የሰፈሩ ሁሉ ግቢ ሆነ። ከንጋት ጀምሮ ጀሪካን ይደረደራል። አባቴ ከማንም ሳንቲም አልተቀበለም፤ ውሃ እንዴት ይሸጣል ይል ነበር። በር ላይ ዱካ አስቀምጦ ይቀመጥና የሚቀዳውን ሁሉ ይመርቃል፣ ይመረቃል። ሥራ ካቆመ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት በዚያ ጊዜ ብቻ ነው።

ባትሪ አዳሹ የመጣው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ከእኛ በላይ ያለው ቤት ባለቤት ኮንዶሚኒየም ደርሶት ሲወጣ ግቢውን ለእሱ አከራየው። በሩ ላይ «ባትሪ እናድሳለን» የሚል ጽሑፍ በቀይ ቀለም ጻፈ። የሞቱ የመኪና ባትሪዎችን እየገዛ ይፈታል፣ ውስጡ ያለውን እርሳስ ያቀልጣል፣ አሲዱን ይደፋል፣ አዲስ ሞልቶ ይሸጣል። ጨዋ ሰው ነበር። ሚስትና አንዲት የአምስት ዓመት ሴት ልጅ ነበሩት። ለአባቴ የጉልበት ቅባት ገዝቶ ያመጣለታል፣ ሲሚንቶ ሲገዛ ተሸክሞ ያገባለታል። ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ጀሪካን ይዞ ከሚስቱ ጋር ይመጣና ከእኛው ጉድጓድ ይቀዳል፤ አንደኛውን እሱ፣ ሌላኛውን ሚስቱ ይዘው ይወጣሉ።

አሲዱን የሚደፋው በሁለቱ ግቢ መካከል ባለው ግንብ ሥር ነበር። ከመኝታ ቤቴ መስኮት ይታየኛል። እዚያ ጋ ድሮ ሣር ነበር፤ ደረቀ፣ ከዚያ መሬቱ ነጣ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ያሰብኩት ስለ ሽታው ብቻ ነው። አንድ ሁለት ጊዜ መስኮቴን ዘግቼ አጉረምርሜያለሁ። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ።

ታናሽ እህቴ ለመውለድ ወደ ቤት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ በወር አንዴ ቢመጣ ነው፤ ስለዚህ ከአራስነቷም በኋላ እኛው ጋ ቆየች። ሴት ልጅ ወለደች። ቤታችን እናታችን ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሞቆ አያውቅም። በሦስተኛው ወር ግን የእህቴ ጡት ደረቀና ሕፃኗ የዱቄት ወተት ጀመረች። ኃላፊነቱን እኔ ወሰድኩ። ውሃው ሃያ ደቂቃ መፍላት አለበት፣ በንጹሕ ጨርቅ መጠለል አለበት፣ ተከድኖ መቀዝቀዝ አለበት ብዬ ሕግ አወጣሁ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የምትጠጣውን ውሃ የማፈላው እኔ ራሴ ነበርኩ። ተንተክትኮ ግማሽ ያህል እስኪሆን እተወው ነበር፤ ለጥንቃቄ ብዬ። እህቴ እየሳቀች፣ እትዬ እንደ ወጥ አደረግሽው ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ ልጅቷ ወፍራም፣ ሳቂታ ነበረች። ዘጠኝ ወር ሲሆናት ኪሎ መጨመሯን አቆመች። ታስመልሳለች፣ ሆዷ ይደርቃል፣ ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት አንዴ ጥርስ ነው፣ አንዴ ደም ማነስ ነው አሉን። መድኃኒቱን ስለምትውጥ ውሃውን ጨመርንላት። አንድ ዓመት አልፏት መቆም ቀርቶ ያለ ድጋፍ መቀመጥ አልቻለችም። ሰው ሲጠራት ዞር አትልም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እህቴ እያጠበቻት ሳለ ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠና ሰውነቷ ተገትሮ መንቀጥቀጥ ጀመረች። በነጠላ ጠቅልለን እየሮጥን እስከ አዲሱ ገበያ ወረድን፤ አንድ ባለታክሲ የጫናቸውን ሰዎች አስወርዶ ሆስፒታል አደረሰን። የወረዱት ሰዎች አንዳቸውም አልተቆጡም። ያን አስታውሳለሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። መንቀጥቀጡ ከቆመ በኋላ ወንበሯን ወደ እኛ አስጠግታ ብዙ ጠየቀችን። ቤታችሁ ቀለም ይላላጣል? ሕፃኗን ኩል ትኩሏታላችሁ? አባቷ ምንድነው የሚሠራው? ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና፣ በሰፈራችሁ ባትሪ የሚሠራ ሰው አለ ወይ አለችን።

እህቴ አዎ፣ ጎረቤታችን አለች።

«ውሃስ ከየት ነው የምትጠቀሙት?»

«የአባታችን ጉድጓድ አለን» አለች እህቴ። ድምጿ ውስጥ ኩራት ነበረበት። «ደግሞ ለእሷ ዝም ብለን አይደለም፣ አፍልተን ነው። እህቴ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል። እርሳስን የመሰለ ብረትን ግን አይነካውም፤ ውሃው ተንኖ ሲሄድ ብረቱ በቀረው ውሃ ውስጥ ይበዛል። ይህን በየዓመቱ በጠመኔ እጽፈዋለሁ። ፈተና ላይ አወጣዋለሁ፤ ተማሪ ሲሳሳት በቀይ አሰምርበታለሁ። ግማሽ እስኪሆን ያተነንኩትን ድስት እያሰብኩ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

የሕፃኗ ደም የሚመረመረው ሌላ ቦታ ተልኮ ስለሆነ ሳምንታት ይፈጃል ተባልን። እስከዚያ እኔ ውሃውን ለማስመርመር ተነሣሁ። በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል ወደተባሉ ቢሮዎች ሄድኩ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። አንዱ ደብዳቤ አምጪ አለኝ፤ ደብዳቤ ስወስድ ሌላኛው እኛ የምንመረምረው የመንግሥትን ቧንቧ ነው፣ የግል ጉድጓድ አይመለከተንም አለ። ሦስተኛው ጋ፣ ጀርም ከሆነ እናያለን፣ ለብረት የሚሆነው ማሽን ግን ተበላሽቷል አሉኝ። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ አሁን የግል ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ትዝ አለኝና ለእሱ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ደወለልኝ። እርሳሱ ከመጠን በላይ ስለሆነበት፣ ስህተት መስሎት ምርመራውን ሁለቴ መሥራቱን ነገረኝ። ከዚያም «የሚጠጣ ውሃ እንዳይሆን ብቻ» አለኝ።

ለአባቴ የነገርኩት ጓሮ ቆሞ ነው። እያየኝ አዳመጠኝ፤ ከዚያ ባልዲውን ወደ ታች ለቀቀ፣ ቀዳ፣ በጣሳ ሞልቶ እፊቴ ጠጣ።

«ይኸው ጠጣሁት» አለ። «ምን ሆንኩ? ስንት ዓመት ጠጣሁት። ምን ሆንኩ?»

ደግሞ ሊቀዳ ሲል ጣሳውን ከእጁ ወሰድኩበት። ሕፃኗ ከቤት ውስጥ ስታለቅስ ይሰማል። ያ ልቅሶ የሷ ብቻ የሆነ ቀጭን፣ የማያባራ ልቅሶ ነበር። አባቴ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ አለ። የጠየቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም።

«ስንት ሰው ነው እዚህ የቀዳው?»

ለጎረቤት እኔ ልናገር ብዬ ነበር፤ አልሰማኝም። ከዘራውን ይዞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ቤት ለቤት ራሱ ሄደ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። እያንዳንዱ በር ላይ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚለው፦ ውሃዬ መርዝ ኖሮበታል፣ አላወቅሁም፣ ይቅር በሉኝ። አንዳንዶቹ አጽናኑት፣ ወንበር አወጡለት። ውሃውን ለራሱ ሊያደርግ ፈልጎ ነው ያሉም ነበሩ። ከታች ያለችው ልብስ ሰፊ ሁለት ጊዜ አስወርዷት ያውቃል። አባቴ ተናግሮ ሲጨርስ ፊቱን እያየች ቆየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ በሩን ዘጋችው። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሰፈሩ በሽታ ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ተቆጠረ። የአንዱ ኩላሊት፣ የሌላው የደም ግፊት፣ በትምህርት የሰነፉ ልጆች፣ ባለፈው ዓመት የሞቱት መሪጌታ። እውነት ይሁን አይሁን የሚነግረን አልነበረም፤ አሁንም የለም። አባቴን ደግሞ የበላው ይኸው አለማወቁ ነው። መንገድ ላይ ሲያነክስ ያየውን ሰው ሁሉ፣ እኛ ጋ ይቀዳ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ባትሪ አዳሹን የወቀሰው ጥቂት ሰው መሆኑ ነው። ውሃውን የሰጠው አባቴ ነዋ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ወጥቼ ለባትሪ አዳሹ ነገርኩት። ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አልተከራከረኝም። የለበሰውን ጓንት አውልቆ እየጠመዘዘ ሰማኝ፤ መሬት ያጣራዋል ብሎ ያስብ እንደነበር ነገረኝ። ከዚያ ወረደና አባቴ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ እኔም እኮ ከዚሁ ነው የጠጣሁት» አለው። «ልጄም ከዚሁ ነው የጠጣችው።»

ልጁ ያኔ አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። ፊደል ዛሬ ብታውቅ ነገ ትረሳለች፣ አስተማሪዋ ደጋግማ ጠርታናለች አለ። ሁለቱ ሰዎች እንደዚያው ተፋጠው ቆሙ። በሳምንቱ ባትሪ አዳሹ ኢሱዙ አስመጥቶ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ሁለት ሰዎች ከወረዳ መጡ፣ የነጣውን መሬት በስልክ ፎቶ አነሱ፣ ስሜን ጻፉ፣ ሄዱ። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።

ጉድጓዱን አባቴ ራሱ ደፈነው። ሠራተኛ እንጥራ ብንለው እምቢ አለ። እኔ ጠጠር በሳፋ አቀርብለታለሁ፣ እሱ ይደፋል። በመጨረሻ ሲሚንቶ አቡክቶ ላዩን ሞላና እንደ ጥሩ ወለል አድርጎ አለሰለሰው። ሙያው ነውና እጁ ሳይታወቀው ያሳምራል። ሲጨርስ መነሣት አቅቶት እኔና እህቴ ደግፈን አነሣነው።

የደም ምርመራው ውጤት ሐኪሟ የፈራችው ሆኖ መጣ፦ የእርሳስ መርዝ። መድኃኒት አለው ግን አሁን አገር ውስጥ የለም ተባልን። የእህቴ ባል ያገኘውን ሹፌር ሁሉ ሲያስቸግር ከርሞ ለአንድ ዙር የሚበቃ አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ አልተገኘም። ሐኪሟ አልዋሸችንም። ከደሟ ይቀንስ ይሆናል፣ አጥንቷ ውስጥ የገባው ግን ቀስ እያለ ዓመታት ይወጣል፣ አእምሮዋ ላይ የደረሰው ጉዳት አይመለስም አለችን። እህቴ አልጮኸችም። ልጅቷን አቅፋ፣ እሺ፣ እሺ እያለች ራሷን ነቀነቀች፤ ቀጠሮ ቀን እንደሚነገራት ሰው።

ቤት ስንደርስ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀመረች። ደብረ ብርሃን አማቷ ጋ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ልብሶቹን እያጣጠፍኩላት ሳለ፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«አባዬን አልወቅስም። እሱ አያውቅም። አንቺ ግን ታውቂ ነበር፣ እትዬ።»

ብዙ መልስ ነበረኝ። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ አላወቅሁም ማለት እችል ነበር፤ እውነት ነው። ግን የደረቀውን ሣር አይቻለሁ፤ ባትሪ ውስጥ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ውሃ በአፈር ውስጥ ቁልቁል እንደሚሄድ አውቃለሁ። ሦስቱንም ለየብቻ አውቃቸው ነበር። አንድ ላይ አድርጌ ያሰብኩበት ቀን የለም። የልጅቷን ሹራብ አጣጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩና ወጣሁ።

አሁን ልጅቷ አራት ዓመቷ ነው። ለክትትል ሲመጡ አያታለሁ። ሰው ይዟት ትራመዳለች፤ አትናገርም። አንዳንድ ጊዜ በአፍንጫዋ ዜማ የመሰለ ድምፅ ታሰማለች፣ እህቴ ያን ስትሰማ ሥራዋን ትታ ታዳምጣታለች። እህቴና እኔ እንነጋገራለን፤ ስለ ወረፋ፣ ስለ ካርድ፣ ስለ ታክሲ። ከዚያ አናልፍም። አባቴ ደም ልመርመር አላለም፤ ብለምነውም፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል ነው መልሱ። ቅዳሴ ሰው ሲበዛ አይሄድም። ሰው ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ነው ከዘራውን ይዞ ወደ ቁስቋም የሚወጣው። ከዚያ ወዲህ በሰዎች ፊት ውሃ ሲጠጣ አይቼው አላውቅም። እኔም ማስተማር አልተውኩም፤ ትቼ ወዴት እሄዳለሁ። ውሃ ማጣሪያ ዘዴዎች የሚለው ትምህርት ሲደርስ ግን አንድ ሁለት ዓመት ሌላ አስተማሪ ተክቶኛል።

ባለፈው የካቲት አዲሱ ገበያ ሽንኩርት ስገዛ የባትሪ አዳሹን ሚስት አየኋት። ሸሽታኝ ልትሄድ ፈልጋ ነበር፤ ከዚያ ቆመች። ልጇ አንደኛ ክፍልን ሁለቴ ደግማ በመጨረሻ ከትምህርት ቤት መቅረቷን ነገረችኝ። የት እንዳሉ ስጠይቃት ነገረችኝ፤ ከእኛ ሩቅ አይደለም፣ ወንዙን ተሻግሮ ነው። በማግስቱ ሄድኩ። ምን ልል እንደነበር አላውቅም። ያው ቀይ ጽሑፍ፣ ያው የተቆለሉ ባትሪዎች። እሱ ሲያየኝ መዶሻውን አስቀመጠ። ከስቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ሌላ ሥራ እንደማያውቅ ነገረኝ። ከዚያ፣ እንደሚያስደስተኝ ነገር አድርጎ፣ «አሁን እኮ ዝም ብዬ አልደፋም፣ ጉድጓድ ቆፍሬ ነው የምደፋው» አለኝ።

ከግቢው በታች፣ ድንጋዮቹ መካከል፣ አንዲት ምንጭ አለች። ሦስት ሴቶች ተሰልፈው ይቀዳሉ፣ አንዷ ልብስ ታጥባለች። ወረድኩና ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ባትሪውን፣ አሲዱን፣ የእህቴን ልጅ፣ ማፍላት እንደማይረዳ። ልብስ የምታጥበዋ እጇን ከአረፋው አውጥታ አዳመጠችኝ። ከሚቀዱት ሁለቱ ተያዩ። በዕድሜ የገፉት እናት ጀሪካናቸው እስኪሞላ ጠብቀው ክዳኑን አጠበቁና ተመለከቱኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም።

«ልጄ፣ የቧንቧው ውሃ ከሄደ ሦስት ሳምንቱ ነው» አሉኝ። «እና ምን እንጠጣ?»

እየጠበቁኝ ቆሙ። እውነትም መልስ እንዳለኝ አስበው ነበር። ከዚያ ቁጢጥ ብለው የጀሪካኑን ገመድ ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ሊነሡ ሲሉ ከበዳቸው፤ አንድ ጊዜ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ። ከኋላቸው ሄጄ ጀሪካኑን በሁለት እጄ ደግፌ አነሣሁላቸው። ሲቆሙ መረቁኝ፣ ዳገቱንም ይዘው ወጡ።